ከዕቃቸው ጋር የሚመጡት እትዬ ሸዋዓለም

ዕቃ የሚያውስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አውሶ ይረሳል፤ የዚህ ሰው ቤት ቀስ በቀስ ይራቆታል፣ የጎረቤቶቹ ቤት ግን ይሞላል። ሁለተኛው ከዕቃው ጋር አብሮ ይመጣል። መሰላሉን ብትለምኑት ተሸክሞት ይመጣና፣ ጣራችሁን ጠግናችሁ እስክትወርዱ የመሰላሉን እግር ይዞ ቆሞ ይውላል። ትልቁን ድስቷን ለሠርግ ብትጠይቋት፣ ከጉልቻው አጠገብ በርጩማዋን አስቀምጣ፣ ሙሽሮቹን ሳታይ ድስቷን ስታይ ትውላለች። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ በአዲስ አበባ ከነክዳኑ ያለ ድስት አይገኝም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለእኛ ሰፈር፣ ለልደታ፣ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ሸዋዓለም ነበሩ። በደርግ ዘመን ሰው ሁሉ «ጓድ» ሲሆን እሳቸው እትዬ እንደተባሉ ቀሩ። አንድ ካድሬ አንድ ቀን «ጓድ ሸዋዓለም!» ብሎ ቢጠራቸው፣ ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ።

መተዳደሪያቸው ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ መሸጥ ነበር። በሹፌሮችና በመካኒኮች ዘንድ ስማቸውን ያስጠራው ግን ጧፉ አይደለም፤ የፓራኦሊዮ ማስገቢያቸው ነው።

ከባድ መኪና ነድቶ የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ላስረዳ። የፊት ጎማ የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ላይ ነው፤ ኩሽኔታው ደግሞ ግሪስ ይጠጣል። ያ ግሪስ ወጥቶ ፍሬኑን እንዳያበላሸው ከውስጥ በኩል የሚዘጋው፣ ዙሪያው ቆርቆሮ፣ ከንፈሩ ስስ ጎማ የሆነ ቀለበት ፓራኦሊዮ ይባላል። ቀጥ ብሎ ካልገባ፣ በአንድ ወገን ተመትቶ ከተጣመመ፣ ግሪሱ ይንጠባጠባል፤ የፍሬኑ ሸራ ይርሳል፤ ፍሬን ስትይዙ የመኪናው አንዱ ወገን ይቆማል፣ ሌላው ወገን ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ ነገር ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚመስል ተመልሶ ያወራ ሹፌር ጥቂት ነው።

ማስገቢያው ራሱ ቀላል ዕቃ ነው። በፓራኦሊዮው ስፋት ልክ የተቆረጠ ክብ ብረት ሆኖ ከመሃሉ እጀታ ወጥቶለታል። ፓራኦሊዮው ላይ ደፍታችሁት እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ስትመቱት ዙሪያውን እኩል ይገፋዋል። ክብነቱና እጀታው የቀበሌ ማኅተም ስለሚያስመስለው በሰፈሩ «የእትዬ ማኅተም» ተባለ። «ያለ ቀበሌው ማኅተም መኖር አይቻልም፤ ያለ እትዬ ማኅተም ደግሞ የተርማበርን ቁልቁለት መውረድ አይቻልም» እንባባል ነበር፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን።

እንዴት እጃቸው ገባ? እትዬ ሸዋዓለም በወጣትነታቸው ሰንጋ ተራ አጠገብ በነበረ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ የዕቃ ክፍል ጠባቂ ነበሩ። ጣሊያኑ አርጅቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ለመታሰቢያ አንዳንድ ዕቃ አንሡ» አላቸው። አንዱ የግድግዳውን ሰዓት አነሣ፤ ሌላው ባለድጋፉን ወንበር። እሳቸው ማስገቢያውን አነሡ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ልታደርጊው ነው?» ብለው ሳቁባቸው።

«ወንበር በየቤቱ አለ» አሉ።

ሲያውሱ ሕጋቸው አንድ ነው፤ «ዕቃዬ ብቻውን አይሄድም።» መያዣ አይቀበሉም። ፊርማም አይቀበሉም። «ፊርማ እግር የለው፣ ዕቃ መልሶ አያመጣ» ይላሉ። ማስገቢያውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው፣ በብብታቸው ሸጉጠው፣ በርጩማቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ። መጥተውም ዝም ቢሉ ደግ ነበር። «እጅህን ታጠብ»፣ «እዚያ ጋ አቧራ አለ»፣ «ምነው ቸኮልክ፣ ቤትህ ተቃጥሏል?» ሲሉ ይውላሉ። እውነቱን ልናገርና፣ እሳቸው ተቀምጠው ከሚሠራ ሥራ ይልቅ ምርመራ ላይ መቅረብ ይሻላል የሚል ሹፌር ብዙ ነበር።

ሕጉ ለማስገቢያው ብቻ አልነበረም። አንድ እሑድ ቀበሌው ለስብሰባ መቀመጫ አንሶት አግዳሚ ወንበራቸውን ተዋሰ። እሳቸውም ከአግዳሚያቸው ጋር ሄደው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ብዙ ተናግሮ፣ ሰው ሁሉ የመዝጊያውን መፈክር ሲጠብቅ፣ «አሁን ወደ ሁለተኛው አጀንዳ እንሸጋገራለን» አለ። እትዬ ሸዋዓለም ብድግ አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔስ ችዬ እቀመጥ ነበር። አግዳሚዬ ግን አሮጌ ናት፤ ደክሟታል።»

አብረዋቸው የተቀመጡትን በትሕትና አስነሥተው አግዳሚውን አሸክመው ወጡ። የተነሡት ሰዎች ቆመው ከሚቀሩ ብለው ተከተሏቸው። የተቀመጡት ደግሞ ከቆሙት ላለመለየት ተነሡ። ስብሰባው ያለ ተቃውሞ ተዘጋ። ያን ቀን ስንቱ በልቡ እንደመረቃቸው እግዜር ይወቅ፤ በአፉ የመረቀ ግን የለም።

ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ፍሰሐ እባላለሁ፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ከሚስቴ ወንድም ከነጋ ጋር ሆነን አንዲት አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበረችን። ያኔ ደስ ባለህ ቀን ጭነህ መሄድ የለም፤ በቀጠና ተደራጅተን ተራ እንጠብቅ ነበር። ተራህ ደርሶ መኪናህ ከሌለች ወደ ሰልፉ ጭራ ትመለሳለህ፤ ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚደርስህ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። በ1976 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ቤት ተቀምጬ ቆይቼ፣ በሚያዝያ ማብቂያ ለግንቦት ሁለት ጠዋት ስኳር ጭኜ ወደ ደሴ እንድነሣ ተነገረኝ። ደስ ብሎኝ መኪናዋን ሳጥብ ከፊት፣ ከግራው ጎማ ውስጥ ጥቁር ግሪስ ሲወርድ አየሁ።

ወዳጄ መሐሙድ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር የመለዋወጫ ሱቅ ነበረው። መለዋወጫ በዚያን ጊዜ እንደ ዝናብ በጸሎት የሚመጣ ነገር ነው። መሐሙድ የራሱን መደርደሪያ ገለባብጦ፣ የወዳጆቹንም አስፈትሾ ለእኔ መኪና የሚሆን ሁለት ፓራኦሊዮ አገኘ።

«ከዚህ ሌላ አዲስ አበባ ውስጥ የለም» አለኝ። «ካለም ሰው መኪና ላይ ነው።»

መካኒኬ ዱጉማ ይባላል። ሞተር ሲያስል ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ነው። ጉድለቱ መዶሻ መውደዱ ነው። መፍቻ ሲጠፋ መዶሻ ያነሣል፤ መፍቻ ሲገኝም መዶሻ ያነሣል። «ከእትዬ ሸዋዓለም ማስገቢያውን እናምጣ» ስለው ፊቱ ጠቆረ።

«ሴትዮዋ ከመጡ እኔ የለሁም!»

ለካ ከዓመታት በፊት ማስገቢያውን በተዋሰ ጊዜ፣ እሳቸው ለአፍታ ፊታቸውን ሲያዞሩ የዛገ ጎማ ሊያላቅቅበት ሞክሮ እጀታውን አጣሞት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። መንገድ ላይ ሲተላለፉ እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ እሱ ኮፍያውን።

«ተወኝ እስቲ፣ ስንቱን በዚህ ገጥሜዋለሁ» አለና ካቻቪቴና መዶሻ አነሣ። መግጠሙንስ ገጥሟል፤ ሲያፈስ የሚያየው ግን ሹፌሩ ነው። ካቻቪቴውን የፓራኦሊዮው ጠርዝ ላይ አድርጎ በዙሪያው ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገ። አንዱ ወገን ሰጠመ፣ ሌላው ተነሣ። የተነሣውን ቢመታ የሰጠመው ተነሣ። በመጨረሻ ቆርቆሮው ታጠፈ፤ ከንፈሩም ተሰነጠቀ። ዱጉማ አውጥቶ በብርሃን አገላብጦ አየው።

«የፋብሪካው ችግር ነው» አለ።

አንድ ፓራኦሊዮ ቀረን። እኔ የቀረውን ኪሴ ከትቼ፣ ኪሴን በእጄ ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ግንቦት አንድ፣ ልደታ ነበር። በሰፈራችን ከዚህ የሚበልጥ ቀን የለም። ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ከየአቅጣጫው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጎርፋል። እኔና መሐሙድ በሰው መሃል ተጋፍተን እትዬ ሸዋዓለም ጋ ደረስን። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ጧፋቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል።

«እንኳን አደረሰዎ እትዬ» አልኩ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ጧፍ ልስጥህ?»

«ጧፍ እንኳ አይደለም። ማስገቢያውን ፈልጌ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዛሬ? በልደታ? ይህን ሁሉ ጧፍ ጥዬ?»

«እርስዎ አይቸገሩ። ዕቃውን ብቻ ቢሰጡኝ…»

«ዕቃዬ ብቻውን አይሄድም።»

«ነገ ወደ ደሴ ነኝ እትዬ። ተራዬ ደርሷል፣ የፊት ፍሬኔ ደግሞ በግሪስ ርሷል።»

«ታዲያ አትሂዳ!»

«ከቀረሁ ተራው ያልፈኛል። ከሄድኩ ተርማበር አለ።»

ጧፍ የምትገዛ ሴትዮ መጣች፤ ሰጧት፣ መረቋት፣ ሸኟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የሚገጥመው ማነው?» አሉ።

«ዱጉማ።»

«እንግዲያማ ጭራሽ!»

ይኼኔ መሐሙድ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ እርስዎ ይሂዱ። ጧፉን እኔ እሸጥልዎታለሁ።»

እትዬ ሸዋዓለም ከጫማው እስከ ነጭ ቆቡ ድረስ አንድ ጊዜ አዩት። «አንተ?»

«ምነው እትዬ፣ ነጋዴ ነኝ እኮ። ጧፍ ከኩሽኔታ አይከብድም።»

«ዋጋ እንዳትጨምር።»

«አልጨምርም።»

«የሌለው ሰው ከመጣ ዝም ብለህ ስጥ።»

«ወላሂ እሰጣለሁ!»

አጠገባቸው የነበሩት ሻጮች ሳቁ። እትዬ ሸዋዓለም አልሳቁም፤ ግን ተነሡ። በርጩማቸውንና ጃንጥላቸውን ለመሐሙድ ተዉለት። ሁለት ዕቃ ባንድ ጊዜ ያለ ጠባቂ ትተው ሲሄዱ ሰፈሩ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ቤታቸው ጎራ ብለው በነጠላ የተጠቀለለውን ማስገቢያ ሸጉጠው ወጡና «በበዓል ብረት መምታት ኃጢአት ነው» እያሉ በመንገድ አጉረመረሙ። ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ «ግን የመንገደኛ ነፍስ ነው፤ እመቤቴ ታውቃለች» አሉና እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ዱጉማ ከሚሠራበት ጋራዥ ስንደርስ እሱ ጎማውን አውልቆ፣ የፍሬኑን ታምቡር ጠርጎ ይጠብቃል። እትዬ ሸዋዓለም አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ሰላምታ የለም።

«ፍሰሐ፣ ያንን ሰውዬ እጁን ይታጠብ በለው።»

«ፍሰሐ፣ ታጥቤያለሁ በላቸው።»

«የፓራኦሊዮውን መቀመጫ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረገው በለው።»

«ጠርጌዋለሁ በላቸው።»

ተነሥተው ሌባ ጣታቸውን መቀመጫው ውስጥ አዞሩ። ጣቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጣታቸውን ለእኔ አሳዩኝ። እኔ ለዱጉማ አመለከትኩት። ዱጉማ ጨርቅ አንሥቶ እንደገና ጠረገ። የፓራኦሊዮውን ከንፈር ግሪስ ቀባ፤ መቀመጫው ላይ አስቀመጠ። እትዬ ሸዋዓለም ነጠላውን ፈትተው ማስገቢያውን ለእኔ ሰጡ፣ እኔ ለዱጉማ ሰጠሁ። ደፋው። ከዚያ እጁ በልማዱ ትልቁን መዶሻ አነሣ።

«አስቀምጠው!»

የጮኹት ለእኔ አልነበረም። ከስንት ዓመት በኋላ ለራሱ ለዱጉማ ነው የተናገሩት።

«ትንሿን አንሣ» አሉት። «ያለን አንድ ፓራኦሊዮ ነው። ፍሰሐም ያለን አንድ ነው።»

ዱጉማ እኔን አየኝ። ምን እንዳየ እንጃ፣ ትልቁን መዶሻ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረና ትንሿን አነሣ። መታ። እንደገና መታ። ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። ቀስ በቀስ ወፈረ፤ በመጨረሻም ድፍን ብረት እንደመምታት ሆነ።

«በቃ» አሉ እትዬ ሸዋዓለም።

«አንድ ልጨምርለት።»

«በቃ አልኩህ! ጠግቧል። የጠገበን ማጉረስ ምን ይሉታል?»

ዱጉማ ማስገቢያውን አንሥቶ በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ። እኩል ነው። አንድ ዙር ደገመ። በፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ፣ ልጅ የተወለደለት ሰው ነበር የሚመስለው። ማስገቢያውን ወደ እኔ ሊያቀብል እጁን ዘረጋና መሃል ላይ አቆመ።

«እትዬ» አለ መሬት መሬት እያየ። «የዕቃዎ እጀታ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ላቅናልዎ?»

ማን እንዳዘነበለው እሱም አልተናገረ፣ እሳቸውም አልጠየቁ።

«አቅናው» አሉ። «ግን እያየሁህ።»

ጎማው ተመልሶ ሲታሰር ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። መልሳቸው የመኪናዋን በር ከፍተው ወደ ጋቢናው መውጣት ሆነ። ማስገቢያውን ታቅፈው ጎኔ ተቀመጡ። በተክለ ሃይማኖት በኩል ወጥተን ቁልቁል ወደ ልደታ ስንመለስ፣ እኔ ገና ሳላስበው «ያዝ!» ብለው ጮኹ። ያዝኩ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። እሳቸው ወርደው መዳፋቸውን ጎማው እምብርት ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ ከሥር ጎንበስ ብለው አዩ።

«አልሞቀም፣ አላላበውም። በል በሰላም ግባ።»

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መሐሙድ የእትዬን ጧፍ አሟጥጦ የጎረቤታቸውን ሻጭ ጧፍ እየሸጠ አገኘነው።

«ሁሉንም ጨረስከው?» አሉ ደንግጠው። «እኔስ ምን ላበራ ነው?»

መሐሙድ ከኮቱ ውስጥ አንድ እስር ጧፍ አወጣ። «የእርስዎን ደብቄ ነው እትዬ።»

አመሻሹ ላይ ሰፈሩ እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቃመስ ዱጉማና እትዬ ሸዋዓለም ጎን ለጎን ተቀመጡ። ንፍሮው የቀረበበት ሰፌድ የእሳቸው ስለነበር ከዕቃቸው ራቅ ብለው መቀመጥ አልቻሉም ነበር፤ ዱጉማ ግን ሌላም ቦታ ነበረው።

በማግስቱ ስኳሬን ጭኜ ተነሣሁ። ተርማበር ላይ ጉም ነበር፤ የመኪናዬን አፍንጫ እንኳ በደንብ አላይም። ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል እንደወረድኩ አንድ አውቶቡስ ጎማ ሊቀይር መንገዱ መሃል ቆሟል፤ ተሳፋሪዎቹም ወርደው ዙሪያውን ይዘዋል። ሴቶች ነበሩ፤ ልጅ ያዘሉ ነበሩ። ገደሉ በቀኜ ነው። ፍሬኑን በሙሉ እግሬ ረገጥኩት። ኤንትሬዬ ከነስኳሯ ወደ ግራም አላለች፣ ወደ ቀኝም አላለች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። እግሬ ከፍሬኑ ላይ አልነሣ አለኝ። አንድ ሽማግሌ ወደ መስኮቴ መጥተው «ፍሬንህ ይባረክ ልጄ» አሉኝ።

«የእትዬ ሸዋዓለም ነው» አልኳቸው። አልገባቸውም፤ ቢሆንም አሜን አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ነጋ ከአሰብ ሲመለስ ከአንድ የመርከብ ሠራተኛ ያገኘውን አዲስ ማስገቢያ ይዞ መጣ። በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ ነው።

«ከእንግዲህ ከሴትዮዋ ተገላገልን!» አለ ነጋ። እኔም «እሰይ» አልኩ።

የቀኙ ፓራኦሊዮ ሲያፈስ በአዲሱ ማስገቢያ ገጠምነው። አንድም ሰው አልጮኸብንም። እጅህን ታጠብ ያለን የለም፣ ጣቱን ከትቶ ያየም የለም። ፓራኦሊዮው እኩል ገባ፤ ሥራው ገና ከመጀመሩ አለቀ። እኔ፣ ነጋና ዱጉማ ቆመን ተያየን።

«ጨረስን?» አለ ዱጉማ።

«ጨረስና» አልን። ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን። እንደዚያ ያለ ቀዝቃዛ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ከክረምቱ በኋላ የግራው ፓራኦሊዮ ተራ ደረሰ። ነጋ አዲሱን ማስገቢያ ከነወረቀቱ አመጣ። ዱጉማ ትንሿን መዶሻ እንደያዘ ቁጭ ብሎ አልነሣ አለ።

«ምን ሆነሃል?» አለው ነጋ።

«አልመታም» አለ። «በቃ የሚለኝ ሰው በሌለበት መቼ እንደማቆም አላውቅም። ሂዱና ጥሯቸው።»

እኔ ሄድኩ። እትዬ ሸዋዓለም ሰው በሌለበት የቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ጃንጥላቸው ሥር ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

«ነጋ ከአሰብ አዲስ አመጣ ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉኝ ገና ሳልናገር።

«አምጥቷል እትዬ።»

«ጥሩ ነው አሉ።»

«ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ?»

«ዱጉማ እሳቸው ካልመጡ አልመታም አለ።»

«ምን ያለው ልጅ ነው!» አሉና ፊታቸውን አዙረው ጧፋቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። የሰበሰቡትን መልሰው ይበትኑና እንደገና ይሰበስቡታል። አላጣደፍኳቸውም። ጃንጥላውንና በርጩማውን እኔ ያዝኩላቸው።

ጋራዡ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ቅያስ ይደረሳል። እኔ ግን በሰንጋ ተራ በኩል፣ በድሮው የጣሊያኑ ጋራዥ ደጅ አዙሬ ወሰድኳቸው፤ እሳቸውም እያወሩ ተከተሉኝ እንጂ ለምን በዚህ እንደዞርን አልጠየቁኝም።